የዘበኛው ስም

«አንድ ቃል ናት፣ አባዬ። ‹ልጆቼ አይደሉም› ትላለህ፣ ትፈርማለህ፣ እንወጣለን። ሻይ እኔ እጋብዛለሁ» አለ ኤፍሬም፣ አቶ አጵሎስን ክንዳቸውን ደግፎ ከባጃጁ እያወረደ።

«በምን ገንዘብህ?» አለች ሩት ከኋላ።

«በሚመጣው ነዋ!»

አቶ አጵሎስ ሃንዲሶ አልሳቁም። ያቺን አንድ ቃል ከትናንት ጀምሮ ሲያገላብጧት ውለው አድረው፣ ሲነጋ ከማታው ይልቅ ግራ ገብቷቸው ነበር የተነሡት። ቃሏን በአማርኛ ሲያስቧት የቢሮ ጉዳይ ትመስላለች፤ ከሟች ባለቤታቸው ከትርፊት ጋር ይነጋገሩበት በነበረው በሃዲይኛ ሲያስቧት ግን ወደ አፋቸው አልመጣ አለቻቸው። ክንዳቸውን ከኤፍሬም እጅ ቀስ ብለው አላቀቁና ወደ ዳገቱ መራመድ ጀመሩ።

የተማሪዎች መርጃ ኮሚቴው ቢሮ ከሆሳዕና መናኸሪያ በላይ ስለሆነ፣ በመናኸሪያው በር ማለፍ ግድ ነው። በሩ ላይ ረዳቶች «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ!» እያሉ ይጣራሉ። በአንድ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ቆሞ ጆንያ የሚያስር ወጣት አያቸውና እጁን አውለበለበ።

«ዶክተር ኤፍሬም! ሻንጣህን በነፃ ነው የምጭንልህ!»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ሆሴዕ!»

«ስትመለስም በነፃ አወርድልሃለሁ!»

ረዳቶቹ ሳቁ። ኤፍሬምም አብሮ ሊስቅ ሞክሮ ተወው። ሆሴዕ እንደ እነሱው በከተማው የሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ልጅ ነው። እሱም በጊዜው ፈተናውን አልፎ፣ ማሳደጊያው በመዝሙር ሸኝቶት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር። በመጀመሪያው የዕረፍት ወቅት ግቢው ሲዘጋ፣ የክፍል ጓደኞቹ ወደየቤታቸው ተበተኑ፤ እሱም እንደ ሰው ሁሉ ወደ አገሩ መጣ። ማሳደጊያው ግን ለጋሾቹ እርዳታቸውን ስላቋረጡ ያን ሰሞን ተዘግቶ፣ በሩ በሰንሰለት ታስሮ ጠበቀው። ጥቂት ቀን ከአንዱ፣ ጥቂት ቀን ከሌላው ዘንድ አደረ። የመመለሻው ጊዜ ሲደርስ መሳፈሪያም አልነበረው፣ የሚጠይቀውም ሰው አልነበረውም። በማሳደጊያው ዘበኛ ሆነው ያሳደጉት አቶ አጵሎስ እንኳ ነገሩን የሰሙት ካለፈ በኋላ ነው።

ኮሚቴው የተቋቋመው እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም ነው። ለሚረዳው ልጅ ጥቂት የወር ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ግቢው ሲዘጋ የሚያርፍበት ክፍል ይከራይለታል። ኤፍሬም ባሕር ዳር፣ ሩት ሐረማያ ተመድበዋል። እስካሁን የኖሩበት የወጣቶች የኪራይ ቤት ውል በዚህ ወር ያበቃል። አቶ አጵሎስም ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የኪራይ ቤታቸውን ለባለቤቱ መልሰው፣ በሚጠብቁት የእህል መጋዘን አንድ አልጋ ብቻ በምትይዝ የዘበኛ ክፍል ይኖራሉ።

ከቢሮው በር ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«አባዬ፣ ከከበደህ ተወው» አለች ሩት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ኤፍሬም ይሂድ። እኔ እዚሁ ሱቅ እቀጠራለሁ። ያን ቃል ካንተ አፍ መስማት አልፈልግም።»

«ይኸውላችሁ፣ ቅድስት ሩት!» አለ ኤፍሬም። «አንቺን ትቶ የሚሄደው ማን ነው? ወረቀት እኮ ነው። ወረቀት ሰውን አይለውጥም፤ አይደል እንዴ፣ አባዬ?»

 ወረቀት ሰውን እንደሚለውጥ ግን አቶ አጵሎስ በራሳቸው ላይ አይተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኤፍሬም በአንድ የገበያ ቀን በጋቢ ተጠቅልሎ ከማሳደጊያው በር ላይ የተገኘ ሕፃን ነው። ሊያስመዘግቡት ወደ ቀበሌ ሲሄዱ የማሳደጊያው ኃላፊ ከፊት፣ አቶ አጵሎስ ሕፃኑን ታቅፈው ኋላ ኋላ ሆነው ነበር። ጸሐፊው የአባት ስም ጠየቀ። ኃላፊዋ «አይታወቅም» አሉ። የአያት ስም ጠየቀ። እሱም አልታወቀም። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ «ያለ አባት ሰው አይመዘገብም» ሲል፣ አቶ አጵሎስ ሳያስቡት «የኔን ጻፈው» አሉ። በዚያው ዓመት ከቦኖሻ መንገድ ዳር የተገኘች፣ ዘመድ ያልተገኘላት ሕፃን መጣች፤ ሩት ተባለች፤ ለእሷም የእሳቸው ስም ተጻፈ። ሌሎቹ ልጆች ቢያንስ የሟች አባታቸው ስም ነበራቸው።

«ለስም ብቻ ነው?» ብለው ነበር ትርፊት በዚያ ሰሞን።

«ለስም ብቻ ነው» ብለዋል አቶ አጵሎስ።

ባልና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም። ለስም ብቻ የተባለው ነገር እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ለምሳ ይመጣ ጀመር፤ ጫማ ሲጠበው ይናገር፣ ሲታመም ያስጨንቅ ጀመር። ትርፊት ባረፉ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ሐዘንተኛ ሆነው የተቀመጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሰዉም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ልጆች» እያለ አልፏል።

በሩ ተከፈተና አንድ ሰው «ግቡ» አላቸው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ አዜብ፣ ለረጅም ዘመን የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት የነበሩ ሴት፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሏቸው። ከጎናቸው የኮሚቴው ጸሐፊ ፈትሁዲን ብዕሩን ይዞ ተቀምጧል።

«ጋሼ አጵሎስ፣ አደከምንዎ። ልጆቹን እንዳልወለዱ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ዓምና አንድ ባለሀብት ሦስት ልጆቹን አስገብቶ የድሃ ልጅ ሜዳ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ አባት ልጆች አንዱን ብቻ ነው የምንቀበለው። እነዚህ ደግሞ በአባትም በአያትም አንድ ሆነው መጡብን።»

«የማሳደጊያው መዝገብስ?» አሉ አቶ አጵሎስ።

«ሲዘጋ ወደ አዲስ አበባ ተልኳል። እስኪገኝ ጊዜ ይወስዳል፤ እኛ ደግሞ ዝርዝሩን ዛሬ ማስተላለፍ አለብን። የእርስዎ ቃል ይበቃናል። ልጆቹ በተገኙበት ይናገራሉ፣ እነሱም ሰምተው ያረጋግጣሉ፣ ይፈረማል።»

«ስማቸውስ?»

«ስማቸው እንዳለ ይኖራል። መታወቂያቸውን ማንም አይነካም።»

አቶ አጵሎስ ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው መታወቂያው ላይ ልጆቼ ናቸው። እዚህኛው ወረቀት ላይ ግን አይደሉም።»

«ልክ ነው» አለ ፈትሁዲን። «ሁለቱ ወረቀቶች በየሣጥናቸው ይቀመጣሉ፤ እንደ ተጣሉ ጎረቤታሞች አይገናኙም።»

ኤፍሬም ሳቀ። አቶ አጵሎስ ግን ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበባቸው። አንድ ነገር በአንዱ ሣጥን እውነት ሆኖ በሌላው ሐሰት የሚሆንበት መንገድ አልታያቸው አለ። ማንም እየከፋባቸው አይደለም፤ ሁሉም ለልጆቹ ደግ ነው የሚያስበው። ይህም ግራ አጋባቸው፤ የሚቆጡት ሰው ቢኖር ይቀላቸው ነበር።

«ዓምና ከጃጁራ ሽማግሎች መጥተው ነበር» አሉ በድንገት። «ለሩት።»

«አባዬ! ያን ደግሞ እዚህ ምን አመጣው?» አለች ሩት ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና።

«ጎሳዋን ጠየቁኝ። የኔን ነገርኋቸው። ጠያቂው ልጅ ከዚያው ከኛ ጎሳ ነበርና ‹እንግዲያው እህቱ ናት፣ አትሆንም› ብለው መርቀዋት ተመለሱ።»

«እንኳንም ተመለሱ» አለች ሩት።

«አየህ፣ ትዳሯን ያፈረስኸው አንተ ነህ» አለ ኤፍሬም።

«ዝም በል አንተ!» አለችው ሩት።

አቶ አጵሎስ ቀልዱን አልሰሙትም። «እኔ የምለው፣ ወይዘሮ አዜብ፣ እነዚያ ሰዎች የኔን ቃል አምነው ሄደዋል። ዛሬ ልጄ አይደለችም ካልሁ፣ ያኔ ዋሽቻለሁ። ያኔ ካልዋሸሁ ደግሞ ዛሬ...» ዐረፍተ ነገሩን የሚጨርሱበት አጡ።

«ማን ይጠይቅዎታል፣ ጋሼ?»

ማን እንደሚጠይቃቸው አላወቁም። ጠያቂ እንደማይጠፋ ብቻ ይሰማቸዋል።

«ልጆቼ ናቸው ብልስ?» አሉ።

ወይዘሮ አዜብ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እንዲያ ካሉ አንዱ ብቻ ያልፋል። የትኛው እንደሆነም እርስዎ ይነግሩናል። ይህን እንዲያደርጉ አልፈልግም።»

 ከታች የመናኸሪያው ጥሪ በመስኮቱ ይገባል። አቶ አጵሎስ አንዱን ልጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላውን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አድርገው ሊያስቡ ሞከሩ፤ የትኛውን የት እንደሚያደርጉ ሐሳባቸው አልታዘዝ አላቸው።

«እንግዲህ እንደ ደንቡ ልጠይቅዎ» አሉ ወይዘሮ አዜብ። ፈትሁዲን ብዕሩን አነሣ። «ኤፍሬም አጵሎስ ሃንዲሶ እና ሩት አጵሎስ ሃንዲሶ የእርስዎ ልጆች ናቸው?»

አቶ አጵሎስ አፋቸውን ከፈቱ። በዚያው ቅጽበት ዓይናቸው ኤፍሬም ላይ አረፈ።

ከገባ ጀምሮ ሲወዛወዝ የነበረው የልጁ ጉልበት ቀጥ ብሏል። ፈገግታው ከፊቱ ጠፍቷል። አንገቱን አስግጎ፣ ትንፋሹን ይዞ አፋቸውን ያያል። ይህን ፊት አቶ አጵሎስ ያውቁታል። ማሳደጊያው ክፍት ሳለ በወር አንድ ቀን ዘመድ ያላቸውን ልጆች የሚጠይቁ ሰዎች ይመጡ ነበር። ያን ቀን ትንሹ ኤፍሬም ከዘበኛው ጎጆ በር ላይ ይቀመጥና፣ ለሚገባው ሰው ሁሉ፣ ሳይጠየቅ፣ «የኔ እዚሁ ነው የሚሠራው» ይላል። ከዚያም ዘወር ብሎ፣ ሐሰት ነው ይሉት እንደሆነ የአቶ አጵሎስን ፊት ያያል። አንድ ቀንም ሐሰት ነው አላሉትም።

ከማለዳ ጀምሮ ቃሉን በላቸው ሲል የነበረው ይህ ልጅ ነው። አሁን ምን እንዲሉ እንደሚፈልግ ሊገባቸው አልቻለም። እሱም ራሱ የሚያውቅ አልመሰላቸውም።

«በል እንጂ፣ አባዬ» አለች ሩት። ከአፍህ መስማት አልፈልግም ያለችው እሷ ነበረች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ሰው እያስጠበቅን ነው። በለውና እንሂድ። ሁለታችንም እንሂድ።»

አቶ አጵሎስ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አዩ። የምትከለክላቸው ትገፋቸዋለች፤ የሚገፋቸው ልጅ ዝም ብሏል። ዛሬ የትኛው ልጅ የትኛው እንደሆነ እንኳ የተምታታባቸው መሰላቸው። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ሁሉ ድንግርግር መሀል ጠራላቸው፦ ቃሉ መባል አለበት፤ ያ ፊት እያያቸው ግን አይባልም።

«እናገራለሁ» አሉ። «እፈርማለሁም። ልጆቹ ግን ይውጡልኝ።»

ፈትሁዲን ብዕሩን አቆመ። «አባት፣ ደንቡ ‹ልጆቹ በተገኙበት› ነው የሚለው። እነሱ ካልሰሙ...»

«እነሱ ከሰሙ አልናገርም።»

«ጋሼ፣ ያው የሚያውቁት ነገር ነው እኮ» አሉ ወይዘሮ አዜብ በለሰለሰ ድምፅ።

«ማወቅ ሌላ ነው። ከኔ አፍ አልሰሙትም። እስካሁን አልሰሙትም፤ ከእንግዲህም አይሰሙትም።»

ወይዘሮ አዜብ መነጽራቸውን አንሥተው አደረጉ። ወደ ጸሐፊውም ዞረው «‹በተገኙበት› የሚለውን ሰርዘው» አሉት። «ስለ መሰረዙ ኮሚቴው ፊት እኔ እጠየቃለሁ።»

ኤፍሬም ከወንበሩ አልተነሣም። «አባዬ፣ እኔ ምንም አይመስለኝም እኮ፤ ልቀመጥ...»

«ኤፍሬም» አሉ አቶ አጵሎስ፣ ማታ ማታ ከማሳደጊያው በር ላይ ልጆችን ወደ መኝታቸው በሚያስገቡበት በዚያ በማይመለስ ድምፅ። «እኅትህን ይዘህ ውጣ። በሩንም ዝጋው።»

ልጁ ተነሣ። ሩት ክንዱን ያዘችው፤ ተያይዘው ወጡ። በሩ ተዘጋ።

 አቶ አጵሎስ የሁለቱ እርምጃ ኮሪደሩን ጨርሶ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ ከመናኸሪያው ጫጫታ ጋር እስኪቀላቀል ድረስ ጆሯቸውን ወደ በሩ አድርገው ጠበቁ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞሩ።

«አሁን ይጠይቁኝ» አሉ።