የዓለምነው ድንች

«ተዋት፣ ኀዘን አዙሯት ነው» አለ ልጄ እንዳላማው። ይህን የሚለው እፊቱ ተቀምጬ ነው።

ባሌን ዓለምነውን በቀበርን ማግስት ነው። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ መደቤ ላይ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀምጫለሁ፤ ስለ ባሌ የሚጠየቀው ግን ሌላ ሰው ነው። ምን አመመው ሲባል ልጄ ይመልሳል፤ ከደብረ ማርቆስ የደረሰው ከሞተ በኋላ ነው። ምን ብሎ ተናዘዘ ሲባል ጎረቤቴ ጥሩነሽ ትመልሳለች፤ ነፍሱ ስትወጣ እሷ ሉማሜ ገበያ ነበረች። እኔ እንደ ጎታ ጥጌን ይዣለሁ። ጎታ እንኳ እህል አለው ወይ ተብሎ ይንኳኳል።

ያልኩትም ነገር ይህን ያህል የሚያስደነግጥ አልነበረም። በኛ መንደር ሰው የሞተበት ቤት ሠልስት እስኪወጣ እሳት አያነድም፤ ጎረቤት በየተራ ያበላዋል። ሠልስት ሲወጣ ምድጃው ይቆሰቆሳል። እኔም «ያን ዕለት መጀመሪያ የሚጣደው የዓለምነው መጥበሻ ነው፤ የሱን ድንች ነው የምንበላው» አልኩ። ይኸው ነው። ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ የእግሩን ጣት ማየት ጀመረ።

እንዳላማው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እምዬ፣ አባባ ወጥ ይሠራ ነበር እያልሽ በሰው ፊት አታዋርጂው።»

«ወጥ አልሠራም። ድንች ነው የሠራ።»

«ያው ነው። ሰው የሚያነሣለት ይኸን ብቻ ይሆናል።»

«መጥበሻውን የት አደረግኸው?»

ዓይኑ ወደ ደጅ ሸሸ። መጥበሻውን በበሩ በኩል አሻግሬ አየሁት። በረቱ ጥግ ተጥሎ ዶሮዎቼ ውሃ ይጠጡበታል።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የነሐሴ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ቸስ ይላል። ሌላው ሰው ዝናብ ሰማ። እኔ የጋለ ዘይት ያገኘው ድንች ነው የሰማሁ። ዓይኔን ብከድን ዓለምነው ጭሱ ውስጥ ቆሟል፤ ጣሪያው እንዳይነካው አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ጋቢውን ወደ ኋላ ቋጥሮ። «ራበሽ?» ይለኛል። ልመልስለት ስል ዓይኔ ተገለጠ። አልቃሿ «ነብር ገዳዩ» እያለች ታወርዳለች። ዓለምነው ነብር በሥዕልም አላየ።

ቻይኖች መንገዱን ሲሠሩ የሰፈራቸው ዘበኛ ነበር። ከነሱ ውስጥ አንድ ምግብ የሚሠራላቸው ሰው አለ፤ ስሙ አፋችን ላይ አልቆም ቢለን ቢተው አልነው፤ ቢተው ሲሉት አቤት ማለት ለመደ። ያን ክረምት እኔ ጭቃ አንሸራቶኝ እጄን ተሰበርኩ። ወጌሻው በቀርከሃ አሰረልኝና ምንም እንዳትነኪ አለኝ። ልጆች ከተማ ናቸው። ጥሩነሽ ወጥ ታመጣልን ጀመር፤ ከወጡ ጋር ምላሷንም ይዛ ትመጣለችና ተይው አልኳት። ጾማችንን አደርን።

በነጋታው ዓለምነው በሩን ከውስጥ ቀረቀረና ምድጃው ዘንድ ሄደ። እግሩን ሊያሞቅ ካልሆነ እሳት አጠገብ ደርሶ የማያውቅ ሰው ነው። ቢተው ሲሠራ ያየውን ሊሠራልኝ። ድንቹን እንደ ሣር አቀጥኖ ከተፈ፤ እስከዚህ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ የሚያውቀው ግን የእኔን ነው፤ ሽንኩርት አቁላላ፣ በርበሬ ጨመረ፣ ውሃ ደፋ፣ ከደነ፣ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ሲከፍተው የግድግዳ ጭቃ ሆኗል።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«የቻይና ምግብ ነው።»

«ቻይና ቤት የሚለስንበት ነው?»

አልተቆጣም። እሱ መቆጣት አያውቅበትም፤ ለሁለታችን የምቆጣው እኔ ነበርኩ።

«አያ ዓለምነውማ በመጨረሻ ዘመናቸው መናኝ ሆነው ነበር» አለች ጥሩነሽ። ካለሁበት ጭስ አወጣችኝ። ንፍሮ እየዘገነች ለንስሐ አባታችን ነው የምታወራው። «በየማታው ከአጥሩ ማዶ እሰማቸዋለሁ፤ አባታችን ሆይ ብለው፣ እመቤታችንን ሰላም ብለው ሲጨርሱ "እሰይ!" ይላሉ።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዳላማው ደረቱን ነፋ። እኔ ነጠላዬን ነከስኩ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ያየ ሁሉ «ተዋት፣ ታልቅስ፣ ይውጣላት» አለ።

ያንን የጭቃ ድንች ዓለምነው በማግስቱ በጣሳ ይዞ ለቢተው ወስዶለት ነበር። ቢተው ቀመሰና መሬት ተቀምጦ ሳቀ። ሲበቃው ተነሥቶ አሳየው። ቋንቋ የላቸውም፤ እጅ ከእጅ እየተማረ ነው። ድንቹ ተከትፎ ይታጠባል፤ ውሃው እንደ አጓት ሲነጣ ይደፋል፤ ጠርቶ እስኪወርድ ደግሞ ይታጠባል፣ ይጠነፈፋል። መጥበሻው እስኪጨስ ይግላል። ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የደረቀ በርበሬ ከነዛላው፣ ከዚያ ድንቹ፣ ጨው፣ መጨረሻ ላይ አቼቶ ጠብ ጠብ። ውሃ የለም፣ ክዳን የለም፣ ቁጭ ማለት የለም። ጥርስ ሲያርፍበት ቀጨም ማለት አለበት። ለእኛ ጥሬ ነው፤ ለእነሱ በሰለ ማለት ነው።

ዓለምነውን ያስቸገረው መቼ እንደሚወጣ ነው። አንዴ ያሳርረዋል፣ አንዴ ያላሽቀዋል። ምርር ሲለው ጸሎት ጀመረበት፤ ከአባታችን ሆይ እስከ እመቤታችን ሰላምታ። አሜን ብሎ አነሣው፣ ቀመሰው፣ «እሰይ!» አለ። ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ እሱ ሆነ። መጥበሻውን ቢተው አገሩ ሲገባ ትቶለት ሄደ።

ሠልስት ወጣ። ሰው ተበተነ፣ ዝናቡም አባራ። መጥበሻውን ከዶሮዎቹ ቀምቼ በአመድ ፈተግኩት። እሳት አነደድኩ። እንዳላማው በሩ ላይ ቆመ።

«እምዬ፣ ተይ። ጥሩነሽ ሽሮ ትታልን ሄዳለች።»

«ሽሮዋን ራሷ ትብላ። ና ድንች ላጥ።»

«እኔ?»

እጄን ዘረጋሁለት። ጠሞ ነው የገጠመው፤ ነጠላ ስር ካልደበቅሁት ያስታውቃል። «ይኸን እስቲ እየው። ቢላ አይጨብጥም። ወጌሻው ከፈታልኝ ጀምሮ አይጨብጥም። አንተ በበዓል እየመጣህ "የእምዬ እጅ" እያልክ ለበላኸው ወጥ ሁሉ ሽንኩርቱን የከተፈው ማን ነው?»

እጄን ያያል። ያየውም ገና ዛሬ ነው።

«አባባ በሩን የሚቀረቅረው አፍሮ መስሎኝ ነበር» አለ።

«እሱ ምን ያፍራል? ለእኔ ነው። ሥራነሽ ሽንኩርት መክተፍ አቃታት ተብዬ እንዳልታማ። አገር በእኔ እጅ ይምል ነበር።»

«ጸሎቱስ?»

«የድንቹ ሰዓት ነው።»

ምድጃው ጥግ በርጩማው ላይ ዝርፍጥ አለ። «ለሰው ሁሉ መናኝ ነበር ብያለሁ፣ እምዬ።»

«ማን አልነበረም አለህ? ላጥ።»

ላጠ። የከተፈው የአጥር ግንድ ያክላል፤ አሰነጠቅሁት። እንደገና ሲከትፍ ትንሽ ሣር መሰለ። አጠበው፤ ውሃው ነጣ፤ ድፋው አልኩት። መጥበሻው እስኪጨስ ጠበቅሁ። ዓለምነው ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆሜያለሁ፤ ቦታው ከእኔ ይሰፋል። እኔ የማውቀው መብላቱን ነው። በደህናው እጄ ዘይቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ ከዚያም ድንቹን ጨመርኩ።

ቸስ አለ። ወደ ጣሪያው ቀና ብዬ አየሁ። ዝናብ አልነበረም።

«በል፣ ጀምር» አልኩት።

«አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር፣ ስምህ ይቀደስ...» ድምፁ የአባቱ ነው፤ እስካሁን አላስተዋልኩትም ነበር። ጭሱ ወፍሯል። በጭሱ ውስጥ ረጅም ነገር ጎንበስ ያለ መሰለኝ። «መንግሥትህ ትምጣ፣ ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን። የዕለት እንጀራችንን...»

እዚያ ላይ ተያዘ። ዞሬ አላየሁትም። መጥበሻውን ወዘወዝኩ።

«አታቋርጥ» አልኩት። «ድንቹ ያርራል። ቀጥል።»