ውሃው የደረሰበት

የጎርፍ ስጋት ካርታው አዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕለት የሰፈሩ ሰው እንደ ፈተና ውጤት እየተጋፋ የየራሱን ቤት ፈለገ። አረንጓዴ ውስጥ የወደቀው ጎረቤቱን በጎን እያየ ፈገግ አለ። ቢጫ የደረሰው «መካከለኛ ነን፣ ተመስገን» አለ። የጎርፍ ኢንሹራንሱ በተለይ ለቀይ መታሰቡን ሁሉም አስቀድሞ ሰምቷልና፣ ቀይ የሆነው ደግሞ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አደጋ ላይ በመሆኑ እንኳን ደስ ያለህ ተባለ። የወንዝ ዳሩ መንገድ ሰዎች ግን ቤታቸውን በሦስቱም ቀለም ፈልገው አጡት። ቆይተው ሲያገኙት፣ ባለሱቋ «ወይን ጠጅ» ባለችው፣ በካርታው ጥግ ግን «እጅግ ከፍተኛ ስጋት» በተባለው ቀለም ከዳር እስከ ዳር ተለቅልቋል።

«ይኼስ ምን ያሰጣል?» አለች ባለሱቋ።

የኢንሹራንሱ ሰው ከረባቱን አስተካክሎ ተነሣ። «ምንም አያሰጥም። ኢንሹራንስ ሊደርስም ላይደርስም ለሚችል ነገር ነው። ውሃው እስከ ወገብ፣ ቢበዛ እስከ ደረት ከሆነ ቀይ ነው፤ እንዋዋላለን፣ የክፍያውንም ግማሽ መንግሥት ይሸፍንላችኋል። ከሰው ቁመት በላይ ከሆነ ግን ድርጅታችን አይገባበትም።»

«እና ኢንሹራንሱ ለማይሰጥም ሰው ነው?»

«ለሚሰጥም ነው፣ እናቴ። በልኩ ለሚሰጥም።»

አዳራሹ ሳቀ። የፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ካርታ ሠሪ ግን አልሳቀችም። ቢሮ ውስጥ «ኢንጅነር» ትባላለች፤ የወንዝ ዳሩ መንገድ ላይ ደግሞ እስከ ዛሬ «የለሳኙ ልጅ» ናት። ያን ወይን ጠጅ የቀባችው በገዛ እጇ ነው፤ የቀባችውም አባትና እናቷ የሚኖሩበትን፣ እሷም የተወለደችበትን መንገድ ነው። ክረምቱ ደርሷል። ኢንሹራንሱ የሚመዘግበው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ብቻ ነው፤ ያለ እሱ አንድ ጎርፍ ከመጣ ደግሞ እነዚያን ቤቶች መልሶ የሚያቆም አቅም ያለው ሰው መንገዱ ላይ የለም።

ሰዉ ሲበተን ባለሱቋ ክንዷን ይዛ ወደ ሱቋ ወሰደቻት፤ በሳሙናና በሻማ ካርቶን መካከል አቆመቻት።

«ልጄ፣ ቅር አላለኝም፣ ማሰጠምሽን አስጥሚን። ግን ትንሽ ቀነስ አድርጊልን።» ቀበቶ ቢኖራት በሚውልበት ቦታ ላይ ሆዷን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «እስከዚህ ብትይን ምን ይጎልብሻል?»

«እትዬ፣ ውሃ እኮ እንደ ሽንኩርት ዋጋ ተከራክረው አያስቀንሱትም።»

«አልተከራከርኩም። የሆነውን ነው የነገርኩሽ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያ ጎርፍ የመጣ ቀን እዚሁ ቆሜ ነበር። ስኳሩን ከታችኛው መደርደሪያ ወደ ሁለተኛው አወጣሁት። ሁለተኛው ላይ ያለውን ነጥብ ውሃ አልነካውም። እስቲ ሁለተኛው የት እንደሆነ እዪው።»

አየችው። ሁለተኛው መደርደሪያ ከወገቧ እምብዛም አይበልጥም።

እዚህ ላይ ካርታው እንዴት እንደተሠራ መንገር ያስፈልጋል። ቢሮው ሁለት ነገር ያምናል፤ ኮምፒውተርና የዓይን ምስክር። ሁለቱ ከተጣሉ ምስክሩ ይበልጣል። የቢሮው ኃላፊ እንደሚለው ኮምፒውተር ሰምጦ አያውቅም። ምስክሩን የሚበልጠው ግድግዳ ላይ የቀረ የውሃ መስመር ብቻ ነው። የወንዝ ዳሩ መንገድ ላይ ደግሞ አንድም መስመር አልተገኘም፤ ሁሉም ቤት ከውስጥም ከውጭም ተለስኖ እንደ እንቁላል ለስልሷል። ስለዚህ መጠይቅ ተበተነ። የመጀመሪያውን የመለሰው አባቷ ነበር፤ «ከራሴ በላይ»። የቀሩት ጎረቤቶች በሙሉ፣ አንድም ሰው ሳይቀር፣ «ጋሼ እንዳሉት» ብለው ጻፉ።

ኮምፒውተሩ ግን እስከ ወገብ ነው ብሏት ነበር። እሷ ደግሞ ያደገችው ከራስ በላይ በሆነ ውሃ ነው። ትንሹ ወንድሟን የወሰደው ውሃ ከአባቷ ራስ በላይ ነበር፤ ይህን ስሟን እንደምታውቅ ታውቃለች። ስለዚህ የተሳሳተው ኮምፒውተሩ ነው ብላ፣ ቁጥሩን ከዚህም ከዚያም እየነካካች፣ አባቷን ከነራሱ እስኪያሰጥምላት ድረስ አስተካከለችው። ሲያሰጥመው እፎይ አለች።

«ታዲያ መጠይቁ ላይ ለምን እውነቱን አልጻፋችሁም?»

«ምን ብለን? ልጁን የቀበረ ሰው ከራሴ በላይ ነበር ሲል አንቺ ሜትር ታወጪያለሽ? የሐዘንተኛ ውሃ አይለካም፣ ልጄ። ግድግዳችንን ሁሉ በነፃ ሲለስንልን አሸዋ አቀበልነው፣ ዝም አልን። ዝምታችን እዚህ ያደርሰናል ብሎ ማን አሰበ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። መንገዱ ሙሉ የሚያውቀው ነገር ሳይታወቅ የኖረው እነሱ ቤት ብቻ ነው።

«እማዬስ ታውቃለች?»

ባለሱቋ ዓይኗን ወደ ሳሙናው አዞረች። «ይኼ ሁሉ እሷ እንዳትሰማ አይደል እንዴ?»

እቤት ስትደርስ አባቷ ደጅ ላይ ተንበርክኮ የግድግዳውን ስንጥቅ ይደፍናል። ሥራ ካቆመ ቆይቷል፣ የሚለስንበት ካዙላ ግን ከእጁ አልወጣም፤ ጡረታ የወጣ ሾፌር መሪ እንደሚናፍቀው ሲሚንቶ ይናፍቀዋል። በተከፈተው መስኮት በኩል እናቷ ሳሎን ቆማ ልብስ ስትተኩስ ትታያለች።

«መጣሽ?» አለ አባቷ። «አሰጠምሽን አሉ።»

«አባባ፣ ይኼን ልስን ትንሽ ላንሣው? እዚህች ጋ ብቻ። ከሥሩ መስመሩን ብናገኘው…»

እጁ ቆመ። «ምን መስመር?»

«ውሃው የደረሰበትን።»

«ነግሬሻለሁ የደረሰበትን።»

«ነግረኸኛል። ጻፍኩት። የጻፍኩት ነው መንገዱን ከኢንሹራንሱ ያስቀረው። ክረምቱ ሳይገባ የሚታይ ነገር ካላቀረብኩ ማንንም አይመዘግቡም።»

«ከራሴ በላይ ነበር» አለ፣ እንደ ጸሎት አንድ ቃል ሳያዛንፍ። «ከራሴ በላይ ሆኖ ነው የወሰደብኝ። አሁን ግድግዳዬን ተይልኝ።»

«የባለሱቋን መደርደሪያ አየሁት፣ አባባ።»

ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ ወደ እሷ። የዚያን ጊዜ የለመነው በአፉ አልነበረም። ካዙላውን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጎ ባልዲው ውስጥ አስቀመጠ። እሷም ነገሩ ገባት። ጉዳዩ ግድግዳው አይደለም። ያን ቀን እናቷ ሆስፒታል ተረኛ ነርስ ነበረች፤ ከተራዋ ወጥታ ቀጥታ የሄደችው እህቷ ቤት ነው፣ ለቅሶው እዚያ ነበርና። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግድግዳው ሁሉ አዲስ ነበር። ባሏ የነገራትን ውሃ እንጂ ውሃው የተወውን ምልክት አይታ አታውቅም። አሁን መስመሩ ቀበቶው ጋ ቢገኝ፣ ይህች ሴት ባሏን ምን ብላ ትጠይቀዋለች?

«ይቅር» አለች ልጅቷ። «በቃ፣ ይቅር። ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ።» ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ሁለቱም ያውቁታል።

ካውያው ሲቀመጥ ተሰማ። እናቷ አንድ ሸሚዝ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ደጁ ላይ ቆመች።

«ወገብህ ድረስ ነበር» አለች።

ወደ ባሏ ቀረበች።

«ያን ቀን ለብሰኸው የነበረውን ሰማያዊ ሸሚዝ እህቴ ቤት ያጠብኩት እኔ ነኝ። አልቅሼ ሲደክመኝ የማደርገው አጣሁና አጠብኩት። ጭቃው እዚህ ጋ ቆሟል።» ክንዷ ላይ ባለው ሸሚዝ አሳየች፣ ከታችኛው ቁልፍ ትንሽ ከፍ ብሎ። «ግራ እጅጌው እስከ ትከሻው ደረቅ ነበር። ኮሌታውማ ጭራሽ።»

አባቷ ከተንበረከከበት መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ይኼን ሁሉ ዘመን?»

«ይኼን ሁሉ ዘመን።»

«አንድ ቀን እንኳ ሳትጠይቂኝ?»

«ምን ብዬ ልጠይቅህ? በዚያች ነገር ተደግፈህ ነበር የቆምከው። ከአንካሳ ላይ ምርኩዝ ይነጠቃል እንዴ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት፤ ፈጀው።» ድምፅዋ አልተለወጠም። በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆማ ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ እንደምትናገር ነበር። «ተናድጄብህም ነበር። እሱንም አልደብቅህም። አንዳንድ ዓመት በጣም።»

አባቷ ግራ እጁን ዘርግቶ አየው፣ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል። «በዚህኛው የመስኮቱን ፍርግርግ ይዤ ነበር» አለ። «በቀኜ እሱን። ውሃው እየጎተተው… ብረቱን ብለቀው በሁለት እጄ እይዘው ነበር። አልለቀቅኩትም። ወገቤ ድረስ በሆነ ውሃ ቆሜ፣ ብረት አልለቀቅኩም።»

ልጅቷ ከአባቷ ፊት ቁጢጥ አለች። በዩኒቨርሲቲ የተማረችው ነገር ሁሉ በዚያች ሰዓት አፏ ላይ ተሰበሰበ፤ ሲወጣ ግን እንደ ሪፖርት ሆኖ ወጣ። «አባባ፣ ካርታው ጥልቀት ብቻ አይደለም። ፍጥነትም አለው። እኛ በር ላይ መንገዱ ይጠባል፤ ውሃው እዚህ ሲደርስ ይሮጣል። እንደዚያ የሚሮጥ ውሃ ጉልበት ላይ ሲደርስ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። ወገብ ላይ ከደረሰ በሬም አይቆምም። የቆምከው ብረቱን ስለያዝክ ነው። ብትለቀው ኖሮ ሁለታችሁንም ነበር የምንቀብረው።»

አባቷ ቀና አለ።

«ይኼ ለካርታሽ ነው ወይስ ለእኔ?»

«ለአንተ ብልህ አታምነኝም። ለካርታው ነው።»

እናቷ ሸሚዙን አጣጥፋ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና መሮና መዶሻውን ከመሣሪያ ሣጥኑ አወጣች። ማን እንደሚቀበላት አልጠየቀችም፤ በሁለቱ መካከል ይዛቸው ቆመች። የተቀበላት አባቷ ነው።

ልስኑ በቀላሉ አልላቀቅ አለ። ከፍሎ ለሚያሠራው ሰው ያልሰጠውን ሲሚንቶ ነበር እዚያ ግድግዳ ላይ የጨመረው። ሲላቀቅ ግን ትልቅ ቅርፊት ሆኖ ወረደ፤ ከሥሩም የቡና ቀለም ያለው መስመር ወጣ፣ ከላዩ ነጭ ኖራ፣ ከታቹ የደረቀ ደለል። እናቷ የሜትሩን ጫፍ መሬት ላይ ረገጠችለት። ልጅቷ ጻፈች። ሦስቱም መስመሩን አዩት፣ ከዚያ አባቷ ራሱ ሄዶ አጠገቡ ቆመ፤ ቀበቶው ላይ ነበር። እናቷ አንዴ አይታው ወደ ውስጥ ገባች። ውሃ የምታመጣለት መስሎት ጠበቀ፤ አልወጣችም።

ቢሮው አንድ ግድግዳ አይበቃኝም አለ። የኢንሹራንሱ ሰው ደግሞ ከመመዝገቡ በፊት የእያንዳንዱን ቤት መስመር በዓይኑ ማየት ፈለገ፤ ሞት ያላሳመነውን ሰው ጭቃ ያሳምነዋል። በሳምንቱ አባቷ ገና ሲነጋ መሮውን ይዞ የመንገዱ ጫፍ ካለው ቤት ጀመረ። እናቷ ሳትጠራ ሜትሩን ይዛ ተከተለችው፣ ጎን ለጎን ሳይሆን ጥቂት ርምጃ ወደ ኋላ። ልጅቷ ከሁለቱ መካከል መጻፊያዋን ይዛ ትሄዳለች።

መንገዱ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። በየደጁ ሰው ይቆማል፣ ባልዲ ያቀብላል፣ የወደቀውን ልስን ይጠርጋል። ደስ አላቸው ቢባል ልክ ነው፤ ክረምቱን ያለ ስጋት ሊተኙ ነው። አንድም ሰው ግን «እንኳን ደስ አለን» አላለም። ባለሱቋ ብቻ፣ ወሬ ሳታወራ መዋል የማትችለዋ፣ የሱቋ ልስን ሲፈርስ «ጋሼ፣ እንዴት ያለ ልስን ነበር እኮ፤ ስንጥቅ የማያውቅ» አለች። ብላም ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

«ተመልሶ ይለሰናል» አላት። «መዝግበው ሲሄዱ እለስንልሻለሁ።»

«አይ፣ ጋሼ። ይቅርብኝ፤ እንዲህ ይሁን።»

መስመሩ ሁለተኛው መደርደሪያ ሥር ወጣ። እናቷ ለካች፣ ልጅቷ ጻፈች። አባቷ መሮውን ሳያነሣ ቆየ።

«ያ ፍጥነት ያልሽው» አለ፣ ግድግዳውን እያየ፣ «እዚህም ያው ነው?»

«እዚህ ይቀንሳል፣ አባባ። መንገዱ ሰፊ ነው።»

«እኛ በር ላይስ?»

«እኛ በር ላይ ይብሳል።»

«በሬም አይቆምም ብለሻል።»

«በሬም አይቆምም።»

ራሱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ። ልስኑን አነሣ፣ መስመሩን አወጣ፣ እናቷ ለካች። ከዚያ መዶሻውን ዝቅ አድርጎ፣ ያላለው ይመስል፣ ያንኑ እንደገና ጠየቃት። ልጅቷም ያላለችው ይመስል እንደገና መለሰችለት። እናቷ ሜትሩን እየጠቀለለች፣ ቀና ሳትል፣ ሁለቱንም ጊዜ አዳመጠች።