አንቱ የተባለው ብስክሌተኛ

«ቁም እንግዳው! ሱሪህን በላው! ቁም!» ብሎ ስሜነህ ከኋላ ጮኸ።

እንግዳው ለመቆም አልደረሰም። የብስክሌቱ ሰንሰለት የካኪ ሱሪውን ጫፍ ነክሶ ጎተተና እሱንም ብስክሌቱንም በአንድነት መንገድ ዳር ጠጠር ላይ ዘረጋቸው። ሲነሣ ቁርጭምጭሚቱ ተልጦ ደም ይንጠባጠብ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የመረመረው ሱሪውን ነው።

«እግርህስ?» አለ ክንፈሚካኤል ከብስክሌቱ እየወረደ።

«እግር ይድናል። ይህን ግን አየኸው? ግራሶ በግራሶ ሆነ! ያውም ዛሬ!»

ሦስቱም ደብረ ማርቆስ የሚያስተምሩ ጓደኛሞች ናቸው። የጥር የትምህርት እረፍት ሲደርስ እስከ ባሕር ዳር በብስክሌት ሊሄዱ ተማማሉ፤ ብስክሌቱን መኪና ላይ የጫነ ከጓደኝነት ይሰረዛል ተባባሉ። ካኪውን ያመጣው እንግዳው ነው። ስፖርት ጽሕፈት ቤት ደጅ ጠንቶ ጨርቁን አስፈቀደ፣ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ኮትና ሱሪ አሰፋ፣ ደረቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ አስደረገ። ባሕር ዳር ሲገቡም በዚያው ልብስ ፎቶግራፍ እንደሚነሡና ፎቶው ጋዜጣ ላይ እንደሚወጣ ቃል ተገብቶላቸዋል። እንግዳው ይህን ባስታወሰ ቁጥር ኮርቻው ላይ ቀና ይል ነበር።

ጉዞው ውሎ ሲያድር የራሱን ሕግ አበጅቷል። ፊት የሚመራው ሰው በየወንዙ ይቀየራል። ጎማ ሲተነፍስ ክንፈሚካኤል ይለጥፋል፤ የወሎ ልጅ ነውና እየለጠፈ ያንጎራጉራል። ስሜነህ በሶ ይበጠብጣል፣ የበጠበጠውንም ከሁሉ አስበልጦ ይጠጣል። እንግዳው ደግሞ ያዛል። ዛሬ ጧት ፍኖተ ሰላም አድረው ሲነሡ ላህ ወንዝ ላይ እግራቸውን ታጥበው፣ ማንኩሳን አልፈው፣ ቡሬ ሳይደርሱ ወደ እንግዳው የትውልድ መንደር ሊታጠፉ ነበር። ለዚህ ነው ስለ ሱሪው እንዲህ የተንገበገበው። ከማርቆስ ጀምሮ የቤቱን ነገር ሲያወራላቸው ነው የመጣው።

«የእናቴን ማር ትቀምሳላችሁ» አላቸው ሱሪውን ከካልሲው ውስጥ እየወተፈ። «መንደሩ በእልልታ ነው የሚቀበለን። አባቴ እንዲህ ለብሼ ሲያዩኝ!»

«እኔ ለማሩ ነው የመጣሁት» አለ ስሜነህ።

ከዋናው መንገድ ወጥተው በእግር መንገዱ ጉብታው ላይ ሲደርሱ መንደሩ ከታች ታየ። ወቅቱ የውቂያ ነው። በአባቱ በአያ ገደፋው አውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ፤ ጎረምሶች ገለባ ይዘረግፋሉ። እንግዳው በኩራት ደወሉን ደጋግሞ መታና እጁን አውለበለበ።

አውድማው ላይ አንዱ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ተመለከታቸው። ከዚያ መንሹን ወርውሮ ሮጠ። ሌሎቹም ተከተሉት። ብስክሌተኞቹ ቁልቁል ወርደው ሲደርሱ በሬዎቹ ብቻቸውን ይዞሩ ነበር።

«ለእልልታው ሰው ሊጠሩ ነው የሮጡት?» አለ ስሜነህ።

እንግዳው ከሯጮቹ አንዱን በአሯሯጡ ለይቶታል፤ ታናሽ ወንድሙ ነው።

«ሙጬ! እኔ ነኝ!» ብሎ ተጣራ። ሙጬ ግን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ከገደሉ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

ከገለባው ክምር ጀርባ አባቱ አያ ገደፋው ብቅ አሉ። ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ዓይናቸው ቀዩ ጥብጣብ ላይ ቆየ። ከዚያም ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ።

«እንደምን ዋላችሁ። ይግቡ አንቱ፣ ደክሞዎታል» አሉት።

እንግዳው ቀልድ መስሎት ሳቀ። «አባዬ፣ እንግዳው ነኝ እኮ!»

«እንግዳው እንደሆኑማ እያየሁ ነው። ቤቴ ለእንግዳ ተዘግቶ አያውቅም፤ ይግቡ።»

ክንፈሚካኤል ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ፣ «አባትህ እንዴት ትሑት ናቸው! ልጃቸውን አንቱ ይላሉ!» አለው።

እንግዳው ፊቱ ጋለ። በዚህ አገር አንቱ የሚባለው ሽማግሌ ነው፣ ቄስ ነው፤ ደግሞም እንዳይጠጋ የሚፈለግ የመንግሥት ሰው ነው። አባቱ እስከ ዛሬ አንተ፣ አንተ ልጅ፣ ሲናደዱም አንተ ውሻ ነበር የሚሉት። አንቱ ብለውት አያውቁም።

ቤት ገብተው እንደተቀመጡ እናቱ የሻሽወርቅ አገላብጠው ሳሙትና ነገሩን አስረዱት። ከገና በፊት ለውትድርና የሚመለምሉ ሰዎች ካኪ ለብሰው መጥተው የጎረቤታቸውን የቸኮለን ልጅ ከአውድማ ላይ አንሥተው ወሰዱት። እስከ ዛሬ ወሬው አልተሰማም። ከዚያ ወዲህ ካኪ የታየ ቀን ጎረምሳ ከቤቱ አያድርም።

«ሙጬስ?» አለ እንግዳው።

«ካኪው ካልሄደ አይመለስም። ገደል ያድራል እንጂ። ባለፈው አድሮ ብርዱ ደረቱን ይዞት ነበር፤ አሁንም ያስለዋል።»

እንግዳው ወደ አባቱ ዞረ። «አባዬ፣ እኔ መልማይ መሰልኩዎት?»

«አልመሰሉኝም» አሉ አያ ገደፋው መሬት መሬት እያዩ። «ግን ቸኮለ ደጁ ላይ ቆሞ እያየ ነው። ይህን የለበሰ ሰው ከቤቴ ሲገባ ምን ልበለው? አንቱ የተማሩ ነዎት፣ ይንገሩኝ።»

ለፎቶግራፍ ያሰፋው ልብስ ወንድሙን ገደል መክተቱ እንግዳውን አሳፈረው፤ የአባቱ አንቱ ደግሞ ከቁስሉ ይልቅ አመመው። ስሜነህ እንኳ የቀረበለትን ማር ትቶ አቀረቀረ።

ያን ጊዜ አያ ገደፋው ወደ ሚስታቸው ዞር ብለው በአውኚ አንድ ነገር አሉ። ባልና ሚስቱ እንግዳ እንዳይሰማቸው ሲፈልጉ የአባቶቻቸውን ቋንቋ ነው የሚናገሩት። ጓደኞቹ አልገባቸውም። እንግዳው ግን በዚያ ቋንቋ እሹሩሩ የተባለ ልጅ ነው። አባቱ ያሉት፣ «የልጁ እግር ደምቷል፤ ውኃ አሙቂለት። እኔ እንዳልኩሽ አትንገሪው» ነበር።

እንግዳው ብድግ ብሎ ጓዳ ገባና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሙጬን አረንጓዴ ቁምጣ ለብሶ ወጣ። ቁምጣው ከጉልበቱ በላይ ቀርቷል። ከተማ የኖረ እግሩ ልጡ እንደተላጠ ዱላ ነጥቷል።

«ጌታዬ፣ ምን ጉድ ነው!» አለ ስሜነህ።

እንግዳው ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ገደሉ አፋፍ ድረስ ጋለበ። ደወሉን መታ።

«ሙጬ! ቁምጣህን ለብሼብሃለሁ! ካልወጣህ ባሕር ዳር ይዤው እሄዳለሁ!»

ከቁጥቋጦው ውስጥ የሙጬ ድምፅ መጣ።

«እስቲ ዙርና እግርህን አሳየኝ!»

ዞረ። ገደሉ በሳቅ ተናጋ፤ ለካስ የመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ እዚያ ተሸሽጎ ኖሯል። ሙጬ እያሳለ፣ እሾህ የቧጨረውን ክንዱን እያሻሸ ወጣ። ወንድሙን አቅፎ ትከሻውን ደጋግሞ ሳመው። «አንተ ሰው፣ ልታስጨርሰን ነበር እኮ» አለው።

ሙጬን ከኋላ አፈናጥጦ ሲመለስ ከቸኮለ ደጅ ወረደ። ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ይቅር ይበሉኝ አያ ቸኮለ። አላወቅሁም ነበር።»

አያ ቸኮለ ቁምጣውን አዩ። «ሱሪውስ?»

«ሰንሰለት በላው።»

«የቀረውንም ይብላው» አሉ አያ ቸኮለ፤ ራሱን ዳበስ አደረጉት።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ሁሉም አውድማ ላይ ዋሉ። ስሜነህና ክንፈሚካኤልም ካኪያቸውን አውልቀው፣ ጋቢ አሸርጠው ገለባ ዘረገፉ። አያ ገደፋው ግን እንግዳውን አንተም አንቱም ሳይሉ፣ የፈለጉትን በአገጫቸው እያመለከቱ አመሹ። እራት ላይም እንዲሁ ነበሩ።

ጧት ሲነሡ የእንግዳው ካኪ ታጥቦ፣ የተነከሰው ጫፍ ተሰፍቶ ኮርቻው ላይ ተጣጥፏል። ከቡሬ በኋላ ኮሶበር፣ ዳንግላ፣ ከዚያም ባሕር ዳርና ፎቶግራፉ አለ። አያ ገደፋው በሬ የሚጠምዱ መስለው ከማዶ ያዩታል።

እንግዳው ካኪውን አንሥቶ ለእናቱ ሰጣቸው።

«እማዬ፣ ጆንያ ጣፊበት።»

«ኧረ ፎቶው!» አለ ክንፈሚካኤል። «ስፖርት ጽሕፈት ቤት ምን እንላለን? አንተን ብቻ ከፎቶው ቢያወጡህስ?»

«ያውጡኝ። እናንተ የፈለጋችሁትን ልበሱ፤ እኔ በቁምጣ ነው የምገባው። ሰንሰለትም አይደርስበት።»

ስሜነህ የራሱን ሱሪ ቁልቁል አየው። «ሙጬ፣ ሌላ ቁምጣ የለህም?» ብሎ ጠየቀ።

እንግዳው እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳረፈ። ከማዶ የአባቱ ድምፅ መጣ።

«አንተ! ምን ቆመህ ታወራለህ? ፀሐይ ሳትበረታ ቡሬ ግባ እንጂ፣ አንተ ልጅ!»

«እሺ አባዬ!» አለና ደወሉን መታ። አውድማው ላይ የነበሩት ጎረምሶች ቀና ብለው አዩት፤ አንድም የሮጠ አልነበረም።