ቶዲ መታጠፊያው ላይ

የመጀመሪያው ድንጋይ ኩፑሳሚ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ከበሮ መታው። ሁለተኛው የመንደሩን አምላክ፣ የእናቲቱን፣ ጃንጥላ የያዘውን ሰው ግንባር ፈነከተው። ሸንበጋም ግን ናዳስዋራሟን፣ ያን ከክንዷ የሚረዝም የእንጨት መለከት፣ ከአፏ አላነሳችም።

"እታለም፣ አቁሚ! ይገድሉሻል!" አላት ኩፑሳሚ። ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እሷ ስትነፋ እሱ ይመታል።

አላቆመችም።

ጠዋት ቤተ መቅደሱ በር ላይ መለከቷን ስትሞክር ራቲናቬል መጥቶ ነበር። የመንደሩ ግማሽ የሩዝ ማሳ የአባቱ ነው። የሸንበጋም አያትም አባትም በነሱ ቤት ሠርግ ሲነፉ ኖረዋል። በዚህ ዓመት ፍርድ ቤት፣ የመንደሩ ጠባቂ እናት በበዓሏ ቀን በታችኛው ሰፈርም ማለፍ አለባት ብሎ ወሰነ። የታችኛው ሰፈር ሰዎች የነራቲናቬልን ሩዝ ይተክላሉ፣ ያጭዳሉ፤ በዘራቸው የተነሳ ግን ምስሏ የሚቀመጥበት ወሳንሳ በደጃቸው አልፎ አያውቅም።

"ፍርዱን ሰምተናል፤ ማንንም አንነካም" አላት ራቲናቬል። "አንቺ ብቻ ወደ ታችኛው ሰፈር መታጠፊያው ላይ ስትደርሺ ዝም ትያለሽ። ናዳስዋራም ካልነፋ ተሸካሚ አይራመድም። ሥርዓቱን ያወጡት አባቶች ናቸው፤ እኛን ማን ይከሰናል?"

"ሰው ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ ጌታዬ?"

"ትንፋሽ አጠረኝ በያ! አርባ አምስት ሞልቶሽ የለ?" ሳቀና ጎንበስ አለላት። "እምቢ ካልሽ ደግሞ ያው አፍሽ ነው እንጀራሽ። አስቢበት።"

በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ልታቆም ነበር፤ ይህን ለራሷም አልደበቀችም።

የተሳሳተችው ቶዲን መጀመሯ ላይ ነው። ቶዲ ጀምረውት የሚተዉት ቅኝት አይደለም። ሦስተኛው ድምፅ እንደሌሎቹ ረግጦ አይቆምም፤ ጉድጓድ አፍ ላይ እንደደረሰ ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ነፊው ካላሻገረው በቀር እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ሸንበጋም እዚያ ድምፅ ላይ ነበረች። ቀና ስትል ፖኑታይን አየቻት። ሰማንያ ያለፋት የታችኛው ሰፈር አሮጊት ደጇን በሩዝ ዱቄት አስጊጣ፣ የተፈለጠ ኮኮናትና ሙዝ በናስ ሳህን ይዛ ቆማለች። ሳህኑን ወደ ወሳንሳው ዘርግታለች።

ሸንበጋም ትንፋሿን ሳትቆርጥ ወደ ግራ ታጠፈች። ወሳንሳውም ተከተላት።

ከላይኛው ሰፈር ድንጋዩ የወረደው ያኔ ነው። ከድንጋዩ ኋላ ራቲናቬል የቀርከሃ ዱላ ይዞ እየሮጠ መጣ።

"ነግሬሽ ነበር! አልነገርኩሽም?"

መለከቱን ከፊት ለፊት በዱላው ጫፍ ጎሰመው። እንጨቱ ወደ ኋላ ሄዶ አፏ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ሁለት ጥርሷ ረገፈ፣ የላይኛው ከንፈሯ ለሁለት ተሰነጠቀ። ኩፑሳሚ ከበሮውን እንዳነገተ ዘለለበት። ሁለተኛው ዱላ ቀኝ እጁ ላይ አረፈና የጣቶቹ አጥንት እንደ ደረቅ ጭራሮ ጮኸ። የታችኛው ሰፈር ጎረምሶች ከየደጁ ፈልቀው ራቲናቬልን አቧራ ላይ ዘረሩት። አንዱ በማጭድ ጆሮውን ግማሽ ድረስ ተለተለው። ሌላው ጭንቅላቱን ሊፈጠፍጥ ድንጋይ ሲያነሳ በዓሉን ሊጠብቁ የመጡት ፖሊሶች ሁለት ጥይት ወደ ሰማይ ተኮሱ።

ጠቡ በረደ። ስምንቱ ተሸካሚዎች ወሳንሳውን እንደተሸከሙ ግማሾቹ ታችኛው ሰፈር፣ ግማሾቹ ላይኛው ሰፈር ቆመው ቀሩ። መሬት ላይ ማሳረፍ ነውር ነው፤ ያለ ዜማ መራመድም እንዲሁ።

የፖሊሶቹ አለቃ፣ ኢንስፔክተሩ፣ እያለከለከ መጣ።

"እትዬ ሸንበጋም፣ እባክሽ፣ ወደ መቅደሷ የምትመለስበትን አጭሯን ዜማ ንፊና ይብቃ። ሰው ሊያልቅ ነው።"

"በምኗ ልትነፋ?" አለ ራቲናቬል፣ ሁለት ፖሊሶች መኪና ላይ ሲጭኑት። ደም ከጆሮው በአንገቱ ይወርዳል፤ እሱ ግን ይስቃል። "አፍ የላት!"

ሸንበጋም የመለከቱን ምላስ ከንፈሯ መሐል አደረገች። ከንፈሯ አልያዘላትም፤ ትንፋሹም ደሙም በስንጥቁ ወጣ። ደግማ ሞከረች። ያው ነው።

ፖኑታይ ሳህኗን ደጇ ላይ አስቀምጣ ቀስ እያለች መጣች፤ በሳሪዋ ጫፍ አገጯን ጠረገችላት።

"ተይው ልጄ። እናቲቱ እስከዚህ መጥታልኛለች፤ ፊቷን አይቼዋለሁ። እኔስ ይበቃኛል።"

ሸንበጋም ወደ አሮጊቷ ደጅ ተመለከተች። ሃያ እርምጃ አይሞላም። መለከቱን ለወንድሟ ዘረጋችለት።

"በደህናው እጅህ ያዝልኝ።"

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ላዜመው።"

"በድምፅሽ? በሰው ፊት አዚመሽ ታውቂያለሽ? ደግሞ እነዚህ በሰው ድምፅ አይራመዱም!"

"እሱን እነሱ ይወቁት።"

አፏን ከፈተች። ድምፅዋ ሻካራ ነው፤ በወለቁት ጥርሶቿ በኩል ነፋስ ያፏጫል። ኢንስፔክተሩ የመመለሻዋን ዜማ ሲጠብቅ ቶዲ መጣ፤ ከተቆረጠበት፣ ከሚንቀጠቀጠው ድምፅ። አንድ ጊዜ ስታስልበት ደም ተፋችና ካቆመችበት ቀጠለች። ኩፑሳሚ መለከቱን ብብቱ ሥር ሸጎጠና በግራ እጁ ብቻ፣ አንካሳ በሆነ ምት፣ ከበሮውን ይመታ ጀመር።

የፊተኛው ተሸካሚ ወደ ፖሊስ መኪናው ዞር ብሎ አየ። ራቲናቬል የአጎቱ ልጅ ነው።

"እንዳትሞክራት!" አለው ራቲናቬል። አሁን አይስቅም።

ሰውዬው ላቡን በክንዱ ጠረገ፤ የወሳንሳውን እንጨት ከግራ ትከሻው ወደ ቀኙ አዛወረና ወደ ፖኑታይ ደጅ እግሩን አነሳ።