የእናት ስም በሚለው ቦታ

ታይፒስቷ የሕፃኑን ዕድሜና ሕፃናት ማሳደጊያ የገባበትን ቀን ጽፋ "የእናት ስም" የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ መተየቧን አቆመች። ስክሪኑ ላይ በሚታየው የአሮጌ መዝገብ ፎቶ ውስጥ የሰፈረው የራሷ ስም ነበር፤ ከነአባቷ።

አልደነገጠችም ማለት ውሸት ነው። ግን አልገረማትም፤ ያስጻፈችው ራሷ ናት። ያኔ ገና ልጃገረድ ነበረች። ታላቅ እህቷ ዘመድ ቤት ተደብቃ የወለደችውን ልጅ እሷ በፎጣ ጠቅልላ ሕፃናት ማሳደጊያው በር ድረስ ወሰደችው። መዝጋቢዋ "እናትየው ማን ናት?" ስትላት የእህቷ ስም አፏ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ታላቋ ለሌላ ሰው ታጭታለች። የታናሿን ስም ግን ማን ይፈልገዋል? "እኔ ነኝ" አለች። በኋላም የሚፈልገው አልተገኘ፤ ሳታገባ፣ ሳትወልድ ጡረታ ወጣች።

ማሳደጊያው ከተዘጋ ቆይቷል። እዚያ ያደጉ ሰዎች ወገናቸውን እንዲያገኙ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ መዝገቦቹን ፎቶ እያነሳች ለበጎ ፈቃደኞች ትልካለች፤ እነሱም ቤታቸው ቁጭ ብለው ይተይባሉ። የሴትየዋ ሕግ አንድ ነው፦ "ያያችሁትን ጻፉ፤ የምታውቁትን አይደለም።" ሌሎቹ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ይላሉ። ታይፒስቷ ግን ይህን ገጽ ስትጠብቅ ነው የከረመችው።

ላፕቶፑን ዘግታ እህቷ ቤት ሄደች። እህትየዋ ሳሎን ውስጥ መጋረጃ ትተኩሳለች፤ ባሏ ከጎን ባለው ክፍል ዜና ያዳምጣል።

"እትዬ፣ ተገኘ።"

"ምኑ?"

"የልጁ ገጽ።"

እህትየዋ ካውያውን አቆመች። መጀመሪያ ያየችው የባሏን በር ነው።

"ቀስ ብለሽ አውሪ! ምን ይላል?"

"እናት የሚለው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ግን ከሥሩ ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ አለ። እሺ ካልሽኝ ያንቺን ስም አስገባለሁ። ከፈለገ ያገኝሻል።"

"አብደሻል እንዴ? በዚህ ዕድሜዬ ቤቴን ልታፈርሺው ነው? አይነበብም ብለሽ እለፊው።"

"ጥርት ብሎ ይነበባል እኮ።"

"ቀለሙ ፈሷል በያቸዋ! ማን መጥቶ ያይብሻል?"

"አንድ ቀን እንኳ አስበሽው አታውቂም?"

እህትየዋ የመጋረጃውን ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ ቆየች።

"በየቀኑ" አለች። "በየቀኑ አስበዋለሁ። መጥቶ ለምን ቢለኝ ግን ምን እለዋለሁ? አልችልም። እባክሽ ተይኝ፣ አልችልም።"

"ማን ነው የመጣው?" አለ ባልየው ከውስጥ።

"እህቴ ናት!"

"ያንን የድሮ ወረቀቷን አልጨረሰችም? በነፃ እንዲህ የተጋች፣ ቢከፈላት ኖሮ ይሄኔ ሚኒስትር ነበረች!"

ሁለቱም እንዲሰማው አድርገው ሳቁ። ታናሿ ሳትቀመጥ ወጣች። መንገዱን ሙሉ እህቷን ልትረግማት ሞከረች፤ አንጀቷ እምቢ አላት።

ቤቷ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ላፕቶፑን ከፈተችው። "የእናት ስም" የሚለው ላይ የራሷን ስም ጻፈች። ያየችው እሱን ነው። ከሥሩ "ይህን ልጅ የሚያውቅ ካለ ስልክና ዝምድና" ይላል። ስልኳን አስገባች። ዝምድና የሚለው ላይ "አክስት" ብላ ጻፈችና አየችው።

አክስት የሚል ካየ፣ ልጁ መጀመሪያ የሚጠይቃት "እናቴስ?" ብሎ ነው። አለች፣ በጤና አለች፣ መጋረጃ ትተኩሳለች፣ አንተን ግን ማየት አትችልም ሊባል ነው? በሕይወት መኖሩን እንኳ አታውቅም፤ ምናልባት ከሞተ ቆይቷል። ይህን ስታስብ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ከዚያ "አክስት" የሚለውን አጠፋችው። "እናት" ብላ ጽፋ ላከችው።