የዓፊያ ግማሽ ፍሬ

ብኸይታ የኪኒኑን እሽግ ከፍራሹ ሥር አውጥታ እንደገና ቆጠረች። አራት ፍሬ። ከአራት ቀን በፊት ስድስት ነበር፤ ስድስት መሆኑን እንደ ስሟ ታውቀዋለች። በእነዚህ አራት ቀናት ደግሞ እሷ ለልጇ ቅንጣት ታህል አልሰጠችም። ታዲያ ሁለቱን ማን በላቸው?

ልጇ ዓፊያ ከጎኗ ግድግዳውን ተደግፋ ታንቀላፋለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት። ቃሉን አሶሳ ድረስ ይዞት የመጣው አንድ እንግዳ ሐኪም ነው፤ ከዚያ በፊት ሰፈሩ ያወጣላት ስም አፍ ሞልቶ የሚነገር አይደለም። ዓፊያ አትናገርም፤ የማንጎ ዘር እየደረደረች ታንጎራጉራለች እንጂ። ክፉው ነገር ግንባሯ እስኪደማ ራሷን ከግድግዳ ማጋጨቷ ነበር፤ ኪኒኑም የታዘዘው ለዚሁ ነው።

መድኃኒት ቤት ያለው ምንያህል የሚባል የጎጃም ልጅ ሁሉንም አስረድቷት ነበር። ማታ ማታ ግማሽ ፍሬ። ኦቲዝሙን አይፈውስም፤ ራሷን መጉዳቷን ግን ይቀንሳል። እንቅልፍ ከበዛባት ቶሎ መጥተሽ ንገሪኝ፣ በራስሽ ግን እንዳታቋርጪ ብሏታል።

እውነትም ማጋጨቱ ቀነሰ። ግን ብዙም ሳይቆይ እንጉርጉሮውም አብሮ ጠፋ፤ ልጅቱ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ሆነች። ብኸይታ መጀመሪያ የጠረጠረችው ምንያህልን ነው። ዝም ያለች ልጅ ለማን አትመችም? ለትምህርት ቤቱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለሁሉም። ስለዚህ ሄዳ በመንገር ፈንታ ለማንም ሳትተነፍስ መስጠቱን አቆመች። እንቅልፉ ግን አልለቀቀም።

ቤቱ ውስጥ ያሉት ሦስት ናቸው፤ ባሏ ኩርሙክ ወርቅ ቁፋሮ ላይ ነው። እሷ አለች፣ ልጅቱ አለች፣ የባሏ ታላቅ እህት ዓኢሻ አለች። ዓኢሻ ጠዋት ጠዋት ለልጅቱ ሚሓያ ታጠጣታለች፤ የቁርአን አንቀጽ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ የታጠበበትን ውሃ ማለት ነው። ይችው ዓኢሻ አንድ ቀን «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ልጅ የለም» ብላለች፤ ብኸይታ ይህን ንግግር ሰባት ዓመት ሙሉ አልረሳችውም። አሁን ደግሞ ነገሩ ሁሉ ወደ ዓኢሻ ጠቆማት።

በማግስቱ ባምያዋን ተሸክማ ወደ ገበያ የምትሄድ መሰለችና ዞራ ከቀርከሃው አጥር ጀርባ ቆመች። ዓኢሻ ከፍራሹ ሥር ካለው እሽግ አንድ ኪኒን አውጥታ ለሁለት ሰበረች፤ ግማሹን በማንኪያ ጀርባ አድቅቃ ሚሓያው ላይ ነሰነሰችው። ኩባያውን ለዓፊያ ልታቀብል ስትል ብኸይታ ገብታ እጇን ያዘች።

«ልጄን ልትገድያት ነው?»

«እኔ?» አለች ዓኢሻ። ኩባያውን አልለቀቀችም። «መስጠት የተውሽው አንቺ። አራት ሌሊት ሙሉ አይቼሻለሁ። ልጅቱ እንድትድን የማትፈልጊው ለምንድን ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

ለካ እሷ ስትጠረጥር እሷም ስትጠረጠር ኖራለች።

«ሚሓያው ላይ መጨመር የጀመርሽው መቼ ነው?»

«ኪኒኑ የመጣ ሳምንት። የሐኪም ነገር ያለ አላህ ቃል ምን ጉልበት አለው ብዬ ነው። ሁለቱ አብረው ይግቡላት ብዬ።»

ማታ የእናት፣ ጠዋት የአክስት። ልጅቱ ከታዘዘላት እጥፉን ስትውጥ ከርማለች፤ እጥፍ መሆኑን ልብ ያለው አልነበረም። ብኸይታ ኩባያውን ተቀብላ ደጅ ደፋችው። ከዚያም ሦስቱም ባጃጅ ውስጥ ገቡ።

መድኃኒት ቤት ስትደርስ በገበያ አማርኛዋ አንድም ሳትደብቅ ተናገረች። «ዶክተር፣ እኔ አንተን ጠረጠረ። ኪኒን አቆመ። እሷ ደግሞ በጠዋት ይሰጣል። ልጅ ቀን ሙሉ ይተኛል።»

ምንያህል አልተቆጣም። ዓፊያን አስቀምጦ ትንፋሿንና ዓይኗን አየ፤ ሐኪሙ ዘንድ ደውሎ ብዙ ጠየቀ። ቀጥሎ ወደ ሁለቱ ዞረ።

«አደጋ የለባትም፤ እንቅልፉ የመጣው በእጥፍ ስለወሰደች ነው። ዛሬ ጠዋት አልወሰደችም፤ ማታ ግማሽ ፍሬ ትጀምራለች፣ ከሦስት ቀን በኋላ አምጥታችሁ አሳዩኝ። ውሃውን ጠጡ አትጠጡ አልልም፤ ኪኒን ግን አይግባበት። ደግሞ ሁለት እጅ አይሁን እናቶቼ። የሚሰጠው አንድ ሰው ይሁን። ማን ይሁን?»

ዓኢሻ አንገቷን ደፋች። የልጅቱ እናት እዚህ ቆማ እኔ ምን አገባኝ የምትል ትመስላለች። ዓፊያ ከመስኮቱ በሚገባው ፀሐይ ላይ ጣቶቿን ታወዛውዛለች።

ብኸይታ እሽጉን በልብሷ ጫፍ ቋጥራ ነበር የመጣችው። ቋጠሮውን ፈታች። አራቱ ፍሬ ሦስት ተኩል ሆኗል። ለአፍታ ጨብጣ ያዘችው፤ ጥርጣሬው ከሆዷ ወጥቶ አላለቀም፣ መቼም በአንድ ጠዋት አይወጣም። ከዚያ የዓኢሻን መዳፍ ከፍታ አስቀመጠችበት።

«የማታውን አንቺ ትሰጫታለሽ» አለቻት በራሳቸው ቋንቋ፣ «የጠዋቱን ሚሓያ እኔ አጠጣታለሁ።»