ከዓርብ እስከ ሰኞ

ባሏ አምባቸው ከታሰረ ወዲህ በሸዋዬ ቤት ሳቅ ተለመደ። ይህን ደፍራ ለማንም አትናገረውም፤ ለንስሐ አባቷም ቢሆን።

የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ሰኔ መጨረሻ ላይ ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ይዘውት ሄዱ። ጥፋቱ ምን እንደሆነ የነገራት የለም። ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ነበርና ለምን ብሎ የሚጠይቅም አልነበረም። ሚስት ስንቅ ታመላልሳለች፣ ጎረቤት «አይዞሽ» ይላል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ሸዋዬም በየቀኑ ምሳውን በጨርቅ ቋጥራ ከግሽ አባይ ሰፈር ተነሥታ እስረኞቹ ወደተዘጉበት የቀበሌው መጋዘን ትሄዳለች። እሱን ግን አያሳዩአትም። የትናንቱን ሳህን ባዶውን ሲመልሱላት፣ በልቷል፣ አለ ማለት ነው ብላ ትመለሳለች።

አምባቸው ክፉ ሰው አልነበረም። ሸዋዬ ይህን ለራሷ ደጋግማ ትነግራለች። እጁን አንሥቶባት አያውቅም፣ አይጠጣም፣ ከቤቱ ውጭ አያመሽም። በዕድሜ በጣም ስለሚበልጣት ካገባችው ጀምሮ «እርስዎ» ነው የምትለው። ብቻ እሱ በር ላይ ሲያስል ልጆቹ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። መስኮቱ ብርድ ያስገባል ተብሎ ክረምቱን ሙሉ እንደተዘጋ ይከርማል። በቆሎ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ መጋጥ ነውር ነው፣ ዝናብ ላይ መውጣት እብደት ነው፣ ሬዲዮ የሚከፈተው ለዜና ብቻ ነው። ልጃቸው የብርጓልና ታናሽ ወንድሟ ክንዱ እቤት ውስጥ በሹክሹክታ ማውራት የተማሩት ገና አፍ ሲፈቱ ነው።

እሱ እንደተወሰደ ቤቱ ልቅሶ ቤት ሆኖ ሰነበተ። ሐምሌ ሲጋመስ ግን አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ ሳለ ክንዱ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው። ሸዋዬ ልትቆጣው ብላ ተወችው። የርጥብ አፈርና የዘይቱን ቅጠል ሽታ እየተግተለተለ ገባ። ሦስቱም መስኮቱ ሥር ቆመው አሸተቱት።

ፍልሰታ ተፈትቶ ዝናቡ እየሳሳ ሲመጣ ከጓሮ የዘራችው በቆሎ እሸት ሆነ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ብልጭ ስትል የሻገተውን ብርድ ልብስ አጥር ላይ ያሰጣሉ። ደመናው መልሶ ሲመጣ ሦስቱም እየሮጡ ይሰበስቡታል፤ ክንዱ አንዱን ተከናንቦ «መነኩሴ ነኝ» እያለ ግቢውን ይዞራል። ከዚያ በረንዳው ላይ ከሰል ተያይዞ በቆሎ ይጠበሳል። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ መነጋገር ስለማይቻል ልጆቹ ይጮኻሉ፤ እሷም ትጮኻለች። እግሯን ዘርግታ፣ ሻሿን ፈትታ፣ ጥርሷ ውስጥ የተሰነቀረውን በምላሷ እየፈለገች ትስቃለች። ወዲያው ደግሞ ልቧ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርጋት ነገር አለ። እሱ ይኼኔ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል። ያን ጊዜ የያዘችውን በቆሎ ታስቀምጠዋለች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ ታነሣዋለች።

ጎረቤቷ እትዬ ፀሐይወርቅ ልታጽናናት ብቅ ስትል ሸዋዬ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ትስበዋለች። «አይ ልጄ፣ በሐዘን አለቅሽ እኮ» ትላታለች እትዬ ፀሐይወርቅ። ሸዋዬ አንገቷን ትደፋለች። ኀፍረቷን ጎረቤት ሁሉ እንደ ሐዘን ይቆጥርላታል።

ነሐሴ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ዓርብ፣ ምሳውን ስታቀብል ደሞዝ የሚባለው ወጣት ጠባቂ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ደስ ይበልዎት፣ የባለቤትዎ ጉዳይ ታይቷል። ቤት ያለው አንድ ዋስ ይዘው ይምጡ። ሊቀመንበሩ እስኪመሽ አለ፤ ዛሬውኑ ይወጣሉ።»

ሸዋዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ተመስገን» አለች። ከልቧ ነው። እግሯም ከሰፈሩ በታች ወዳለው ሐይቅ ገሠገሠ። ዋስ ፈልጋ የምትንከራተት ሴት አልነበረችም፤ ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩትና ዓሣ የሚያጠምዱት ጋሼ ሳሊህ ገና አምባቸው እንደታሰረ «ዋስ የተጠየቅሽ ቀን እኔ አለሁ» ብለዋት ነበር።

ጋሼ ሳሊህን ለታንኳ የሚሆን የደንገል ነዶ ሲያስሩ አገኘቻቸው። ሐይቁ ሞልቶ ሣሩ ድረስ ወጥቷል። ዝናብ ያጠበው አየር ከመጥራቱ የተነሣ ማዶ ያሉት ዛፎች አንድ በአንድ ይታያሉ። ሸዋዬ አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ የታያት ግን መስኮቱ ነው። እሱ ማታ ገብቶ ሲዘጋው፣ ልጆቹ እግራቸውን ሰብስበው ሲቀመጡ ታያት።

«ደኅና ነሽ? ምነው ላብ አጠመቀሽ?» አሏት ጋሼ ሳሊህ።

«ዓሣ ካለ ብዬ ነው» አለች።

እሳቸውም ሁለት ቆሮሶ ዓሣ በሣር አንጠልጥለው ሰጧት። «ነገ ልጆቹን ይዘሻቸው ነይ፤ ይቺን አዲሷን ታንኳ ልሞክራት ነውና ላንሸራሽራቸው። አባታቸው ከታሰረ ከቤት አልወጡም።»

እሷም የዋሱን ነገር ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ ብላ ሄደች።

ማታ ዓሣውን ጠብሰው በሉ። የብርጓል ሬዲዮኑን ዘፈን ላይ አደረገችው። ሸዋዬ ልትነግራቸው ፈለገች፤ «አባታችሁ ሊፈታ ነው» ማለት ቀላል ነገር ነበር። ግን ከነገረቻቸው ዛሬ ለምን አልመጣም ይላሉ። ምግቡ ጣማት። መጣሙም አስፈራት።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ብራ ነበር። በልጣጩ የተቀቀለ በቆሎ በጨርቅ ጠቅልለው ሄዱ። ጋሼ ሳሊህ ታንኳዋን በዘንግ እየገፉ ዳር ዳሩን ይዘው ወሰዷቸው። የደንገሉ ወንበር ከሥር ይረጥባል፤ ክንዱ ሱሪው ራሰ ብሎ ሳቀ። የብርጓል እጇን ውኃው ውስጥ ነክራ ጣቶቿን ታንሳፍፋለች። ትልልቅ ነጫጭ ወፎች በአጠገባቸው እየዋኙ አለፉ። ከቄጠማው ባሻገር አንድ ጉማሬ ድንገት ብቅ ብሎ ሲያስነጥስ ክንዱ ከሆዱ ጮኸ፤ ጩኸቱ ግማሹ ፍርሃት ግማሹ ደስታ ነው። ጋሼ ሳሊህ ታንኳዋን ፈጥነው አዞሯት፤ ሁሉም እስኪያማቸው ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ ጋሼ ሳሊህ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የአቶ አምባቸው ነገር እንዴት ሆነ?» አሏት።

ሸዋዬ የበቆሎውን ልጣጭ እየላጠች ነበር።

«እስካሁን ምንም የለም» አለች።

«አላህ ያውቃል። አይዞሽ።»

የላጠችውን በቆሎ ለክንዱ ሰጠችው። ዘንጉን ይጣሉትና አሁኑኑ ወደ ቀበሌው እንሂድ ልትል ከጀለች፤ ነገር ግን ትናንት የተነገራትን ዛሬ የለም ብላለች። ከሐይቁ እንደተመለሱ ስንቁን የብርጓል አድርሳ ሳህኑን ይዛ መጣች። እሑድ ቀበሌው ዝግ ነው። ሸዋዬ ቅዳሴ ቆማ ዋለች፤ ጸሎት ግን አልመጣላትም።

ሰኞ በማለዳ ጋሼ ሳሊህ ዘንድ ሄደች። «ዛሬ ጠሩኝ፤ ዋስ አምጪ አሉኝ» አለቻቸው። ሽማግሌው እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ተከተሏት።

አምባቸው ከመጋዘኑ ሲወጣ በእጁ ብርሃኑን ጋረደ። ጺሙ አድጓል፤ ቀበቶው ወገቡ ላይ አልጠብቅ ብሎ ሱሪውን በእጁ ይዟል። ጋሼ ሳሊህን አቅፎ ብዙ ቆየ፤ እንዲህ ሲያደርግ አይታው አታውቅም።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሰውነቱን ታጥቦ ተቀምጦ ነገራት። በመጋዘኑ የሆነውን ሁሉ አላወራም፤ ያወራው የቅዳሜን ብቻ ነው።

«ቅዳሜ ከሰዓት መጥተው ስም ጠሩ። የተጠራው ይወጣል፤ የወጣ አይመለስም። መጨረሻ ላይ ጠሪው ‹አምባ› ብሎ ቆመ፤ ጽሑፉ አልነበብ ብሎት ነው። እኔ ተነሣሁ። ጫማዬን እያጠለቅሁ ሳለሁ ‹አምባዬ› አለ። ከጎኔ የሚተኛ፣ ከመርዓዊ ከተማ የመጣ ልጅ ነበር። እሱ ወጣ።» ሊስቅ ሞከረ። «ከዚያ ወዲህ ጫማዬን አላወለቅሁም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እንደተጫማሁ ተቀምጬ አደርሁ።»

ሸዋዬ ውኃ ላምጣ ብላ ወጣች። ጓሮ ሄዳ በቆሎው መሐል ቁጭ አለች። ቅዳሜ ከሰዓት እሷ በረንዳው ላይ የልጇን እርጥብ ሱሪ እያሰጣች ነበር።

ጳጉሜ እንዲህ አለፈ። አምባቸው ማንንም አልተቆጣም፤ ልጆቹ ግን ልክ እንደ ዱሮው ዝም አሉ። አንድ ቀን «ምነው እነዚህ ልጆች ታመሙ?» ብሎ ጠየቃት። ወጡን ላማስል ብላ ተነሣች።

በዘመን መለወጫ ዕለት አራቱም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ደሞዝን አገኙት። ወጣቱ ጠባቂ ቀልጠፍ ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው።

«እንኳን አደረሰዎ፣ አቶ አምባቸው! እኔማ ለባለቤትዎ ዓርብ ነግሬያቸው እስከ ሰኞ ሲጠፉ፣ ዋስ አጥተው ይሆን ብዬ አዘንሁ።»

አምባቸው «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለው።

ቤት እንደ ገቡ ልጆቹን አበባ ልቀሙ ብሎ ወደ ውጭ ላካቸውና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ዋስ ጠፍቶ ነበር?»

አዎ ብትለው ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ውሸቱን ደሞዝ ራሱ አዘጋጅቶ ሰጥቷታል። ሸዋዬ ቆማ የነጠላዋን ጥለት አየች።

«አልጠፋም» አለች። «ዓርብ ነው የተነገረኝ። ጋሼ ሳሊህ ዘንድ ሄድሁ፤ አልነገርኋቸውም። ዓሣ ተቀብዬ ተመለስሁ።»

«ለምን?»

«ልጆቹ ይስቁ ነበር።» ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔም። ሳቁ ጥቂት ይቆይልኝ ብዬ ነው። ስም እንደሚጠሩ አላወቅሁም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አላወቅሁም።»

አምባቸው ወለሉን አየ። ይጮኻል ብላ ጠበቀች፤ ቢጮህ ይቀላት ነበር።

«ቅዳሜ ምን አደረጋችሁ?» አላት በመጨረሻ።

ነገረችው። ስለ በቆሎው፣ ስለ ታንኳዋ፣ ስለ ጉማሬው፣ ምንም ሳታስቀር። ክንዱ ጮኸ ስትለው ቀና አለ።

«ክንዱ?»

«አዎ። ከሆዱ ጮኸ፤ ከዚያ ሳቀ።»

«ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም» አለ አምባቸው፣ ለራሱ እንደሚናገር። ቀጥሎ ተነሣ። «እንኳን ነገርሽኝ አልልሽም፣ ሸዋዬ። አልችልም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍራሹን ሳሎን አንጥፎ መተኛት ጀመረ። ለልጆቹ ወገቤን አሞኛል አላቸው። የምታቀርብለትን ይበላል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ ይወጣል። መስቀል መጥቶ ሄደ። ሸዋዬ በየሌሊቱ ሳሎን ሲገላበጥ ትሰማዋለች፤ ይቅር ይበሉኝ ለማለት እስከ በሩ ሄዳ ትመለሳለች። ጓሮ የቀረው በቆሎ ማንም ሳይነካው አገዳው ላይ ደረቀ። ስለዚያ ስለ መርዓዊ ልጅም ታስባለች፤ እሱም እናት አለችው፣ ምናልባት ያን ቀን ስንቅ እየቋጠረችለት ነበር።

ጥቅምት ውስጥ አምባቸውን ወደ ሥራው መለሱት። ሥራ በሚጀምርበት ጠዋት ሸዋዬ ቁርስ ስታነሣ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። እጁ ከእስር ቤት ወዲህ ይንቀጠቀጣል፤ የሸሚዙን እጅጌ መቆለፍ አቅቶት ሲታገል ቆይቷል። እጁን ዘረጋላት።

ሳህኑን አስቀምጣ ቁልፉን ያዘች። ዓይኗ ሞልቶ ቀዳዳው አልታይ አለ።

«አትቸኩይ» አለ አምባቸው። «ገና ነው።»